አለችኝ፣ ላልቶ ሲነበብ

በማስተምርበት ማዕከል የኔን ክፍል «ማረሚያ ቤት» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት ጸሐፊዋ ናት። አልተቀየምኳትም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ከሌላ አገር ለመጡ አዋቂዎች ቋንቋችንን ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ስህተት ሰምቼ ሳላርም አላለፍኩም። ተማሪ ሲሳሳት በእርሳሴ ጠረጴዛውን ኳ አደርጋለሁ፤ እሱም ያቆምና እንደገና ይጀምራል። ለሚንተባተብ ደግሞ አንድ መድኃኒት ነበረኝ። «እርግጠኛ ካልሆንክ ዝም በል፤ ዝም አይነቅዝም» እለዋለሁ። ተማሪዎቼ ፊደል ሳይጨርሱ ይቺን ተረት ያውቋታል።

ልብስ ሰፊዋ አርባን ያለፈች ሴት ናት። ፋብሪካ ውስጥ የሱሪ ዚፕ ስትገጥም ትውልና ክሩ ከሹራቧ ላይ ሳይራገፍ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም አገሯ ከአክስቷ ጋር ቀርታለች። ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ማመልከቻው ካልጸደቀ እናቷ ዘንድ መምጣት አትችልም። ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል። ከዚያ በፊት እናትየው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ቀርባ በአፏ ቃሏን መስጠት አለባት።

ለዚያ ቀን ስንለማመድ አንዲት ቃል አስቸገረችን።

«ልጅ አለሽ?» እላታለሁ።

«አለችኝ» ትላለች፣ «ለ»ን አላልታ።

ኳ። «ማናት ያለችሽ? ምን አለችሽ?»

ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ጆሮዋ ግን ይቀላል። ለኛ ቀላል ነው፤ ሲጠብቅ ልጅ አለችኝ ማለት ነው፣ ሲላላ ልጅቷ አንድ ነገር ነገረችኝ ማለት ነው። ሲጻፍ ልዩነት የለውም፤ ያለው ምላስ ላይ ነው። በሷ ቋንቋ ደግሞ የሚጠብቅ ድምፅ የሚባል ነገር የለም።

«አጥብቂው እንጂ» አልኳት አንድ ቀን። «ልጅሽ አይደለች? ጥብቅ አድርገሽ ያዢያት።»

ዓይኗን ጨፍና አጠበቀችው። ክፍሉ አጨበጨበላት። ከዚያ በኋላ ከሦስት ጊዜ አንዴ ታገኘው ጀመር፤ ለኔ ኩራት ይህ በቂ ነበር። የቀጠሮውን ቅጽ አብረን ስንሞላ «አስተርጓሚ ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ መጣ። ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ያደርግልሻል? በራስሽ አፍ ተናገሪ» አልኩና በገዛ እስክሪብቶዬ «አያስፈልግም» ብዬ ጻፍኩ።

መሥሪያ ቤቱ ከቀረበች ከአሥር ቀን በኋላ ክፍሉ እስኪበተን ጠብቃ አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ያንብቡልኝ መምህር» አለች። አመልካቿ ልጅ እንዳላት ሦስት ጊዜ ተጠይቃ መልስ ስላልሰጠች ማመልከቻዋ ተዘግቷል ይላል። ይግባኝ ስድስት ወር ይፈጃል። ልጅቷ አሥራ ስምንት ሊሞላት የቀራት ሦስት ሳምንት ነበር።

«ለምን ዝም አልሽ?» ብዬ ጮህኩባት። አዎ፣ ልቆጣ መብት ያለኝ ይመስል ተቆጣሁ።

«በሆዴ አልኩት። አንዴ ላላ፣ አንዴ ጠበቀ። ትክክሉ ጠፋኝ» አለች። «የሚጠይቀኝ ሰውዬ እስክሪብቶ ይዟል። ጠረጴዛውን ኳ፣ ኳ አደረገ። ተሳሳትኩ አልኩ። ሳልናገር ተሳሳትኩ።» ከዚያ እኔኑ ልታጽናና ፈልጋ «ዝም አይነቅዝም» አለች።

በማግስቱ ሥራ ቀርቼ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ሰውየው ክፉ ሰው እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ የሆነውን ነገርኩት።

«ላልቶም ቢሆን ይገባኝ ነበር እኮ» አለ። «እዚህ የሚመጣው ሁሉ አላልቶ ነው የሚናገረው። እኔ ሲያስቡ መስሎኝ ነው የምጠብቃቸው፤ በእስክሪብቶ ማንኳኳቱ የእጄ አመል ነው። አሁን ግን ፋይሉ ከእጄ ወጥቷል።»

ይግባኙን ጻፍኩ፤ ማንም ከቀኑ በፊት አላየውም። የልጅቷ ልደት ቅዳሜ ዋለ።

ሰኞ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም። መጣች፣ እዚያው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እንደ ሁልጊዜው «ቅዳሜና እሁድን እንዴት አሳለፋችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። እጇን አወጣች፤ ከመሥሪያ ቤቱ ወዲህ ክፍል ውስጥ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

«ልጄ ስልክ ደወለች» አለች ቃል በቃል እየመረጠች። «የደብዳቤው ግልባጭ ደርሷታል። ልጄ አለችኝ...»

ላልቷል። እጄ ሃያ ስድስት ዓመት የለመደውን ከኔ ቀድሞ አደረገ፤ ኳ።

በዚህ ጊዜ አላቆመችም።

«አይደለም መምህር» አለች በቀስታ። «ዛሬ የሚላላው ነው። ልጄ አለችኝ፣ ‹እማዬ፣ ልጅ የለኝም አልሻቸው?›»

የሚስቅ አልነበረም። ሁሉም እንዳርማት ወደኔ ዞረው ይጠብቃሉ። የሚታረም ነገር አልነበረውም።