«አይ» ያልተባለው ሳጥን

ቅዳሜ ግንቦት 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ከምሳ በኋላ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ካሚል የስልክ ጥገና ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፤ ባለቤቱ ካሚል፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ፕሮግራም ሠሪ ዮናስ፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ እትዬ ጌጤ እና እኔ።

ጠረጴዛው ላይ የዮናስ ሳጥን ተቀምጧል። ለቆላው ቀበሌዎች የወባ ምክር የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ነው። የጤና ሠራተኛዋ ስልኳን በብሉቱዝ ልታገናኝ ስትል ሳጥኑ «ይህ ስልክ ይገናኝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሳጥኑ ላይ «እሺ» ወይም «አይ» ይጫኑለታል። ፕሮግራሙ ክፍት ነው፤ ኮዱን ማንም ያያል፣ ማንም ያርማል። የሙከራውንም ውጤት ሁሉም ሰው በኢንተርኔት ያነበዋል። ውጤቱን በስሜ የምመዘግበው እኔ ነኝ። ካሚል ለዚህ ሥራ የመረጠኝ ፊደል ስለማልሳሳት ነው።

«ሠላሳ ስልክ ሞከርን፣ ሠላሳውም ተገናኘ!» አለ ዮናስ። «‹አልፏል› ብለህ ላከው። ሰኞ ሳጥኖቹ ማጀቴ ከተማ ይገባሉ።»

መዝገቡን ኮምፒውተሩ ላይ መልሼ አየሁት። ሠላሳውንም ጊዜ የተጫነው «እሺ» ነው። ገበያተኛውን «እባክዎ ይሞክሩልን» ብለን ስንለምን ማን አይ ይላል? በእኛ አገር ነውር ነው። እኔ ራሴ አይ ማለት አልችልበትም።

የእትዬ ጌጤ ስልክ ገና አልተሞከረም ነበር። «እትዬ፣ እስቲ ያገናኙት» አልኳቸው። ሳጥኑ ጠየቀ። «አይ» የሚለውን ተጫንኩ።

ሳጥኑ ግን ተገናኘ፤ ስልካቸው ላይ ያለው የሠርግ ዘፈን ቤቱን አናጋው። ደጅ የቆመ አህያ ደነበረ።

«እንደ ባሌ ወንድም ነው!» ብለው ሳቁ እትዬ ጌጤ። «አትግባ ቢሉትም ይገባል!»

ዮናስ አልሳቀም። «በኋላ አስተካክለዋለሁ። አሁን ‹አልፏል› በል።»

«ማንም መንገደኛ ስልኩን አገናኝቶ የፈለገውን ያወራበታል። ሰው ደግሞ የጤና ሠራተኛዋ ቃል ነው ብሎ ያምናል» አልኩት።

«አንተ ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ከስምንተኛ ነው ያቆምኩት።»

«ታዲያ እኔን ልታስተምረኝ ነው?»

ጆሮዬ ጋለ። «‹አይ› ብዬው ከገባ ተበላሽቷል። ይህን ለማየት ስምንተኛ ክፍል ይበቃል።»

ካሚል ክንዴን ያዘ። «ተው ወንድሜ፣ እንጀራህን በገዛ እጅህ አትድፋ። ወላሂ፣ ከዚህ ሌላ የምሰጥህ ሥራ የለኝም።»

«የሚነበበው በእኔ ስም ነው» አልኩት።

«እንግዲያው እኔ እልከዋለሁ» አለና ዮናስ እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ሰደደ።

ኮምፒውተሩን ወደ ደረቴ ሳብኩት። ከሰው እጅ ዕቃ ነጥቄ አላውቅም። «አላለፈም» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «አይ ሲባልም ይገናኛል» የሚል ጨመርኩ።

«እኔንም ምስክር ብለህ ጻፈኝ!» አሉ እትዬ ጌጤ። «ጌጤ የሽንኩርቷ በል፣ ሁሉ ያውቀኛል!»

ጻፍኳቸው፤ ላክሁት።

ሰኞ ሳጥኖቹ ወደ ማጀቴ አልሄዱም። ዮናስ ስህተቱን ሊያርም ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ እኔም ከሥራው ተሰናበትኩ።