ስም ጠሪዋ

ጅዳ ካለው የማዳሜ ቤት ጠፍቼ መካ፣ ነካሳ ሰፈር የደረስኩት ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ጅዳ፣ አል-ባላድ ሰፈር ውስጥ ሥራ የምትደልለው ሳሚያ፣ «ሐጃ ዚነት ዘንድ ሂጂ፤ የወሎ ልጅ አይመልሱም» ብላኝ ነበር። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በአሠሪዬ በካፊሌ እጅ ነው። ከሰፈሩ ዳገት ሥር ፖሊሶች ሰው እያስቆሙ ወረቀት ያያሉ። ሐጃ ካላስጠጉኝ ማደሪያዬ እስር ቤት ነው።

ሐጃ ዚነት ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ሴትዮ ናቸው። ውሃ ሰጡኝ፣ ስሜን ጠየቁኝ። «ሚስከር» አልኳቸው። አውራጃዬን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«ኧረ የኔው አገር ልጅ! እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?»

አፌን ብይዝ ምን ነበረበት! እንደ ልማዴ ኮራ ብዬ፣ «የአውራጃው ኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበርኩ» አልኩ።

የበራው ፊት ጠፋ።

ኪነት በደርግ ጊዜ ቀልድ አልነበረም። ዘፍነን ባልቴቶችን ፊደል ያስቆጠርን እኛ ነን፤ ለድርቁ እህል ያሰባሰብን እኛ ነን። በዚህ ዛሬም ማንም አንገቴን አያስደፋኝም። ጦርነቱ ሲብስ ግን ሌላ ሥራ ተጨመረልን። ካድሬው የጎረምሶች ስም የተጻፈበት ወረቀት ይሰጠናል፤ በገበያ ቀን ስማቸውን በግጥም እያስገባን እንጠራለን። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተጠራ ልጅ ቁጭ ብሎ አይቀርም። ይወጣል፣ ይጨፈርለታል፤ ከመድረኩ ጀርባ ወደ ጦር ግንባር የሚወስድ መኪና ቆሟል።

«ሱሩርን የጠራችው የትኛዋ ናት?» አሉ ሐጃ።

«የቱ ሱሩር?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«የኔ ነዋ። አንድ ልጄ ነበር። መኪናው ላይ ከወጣ ወዲህ ወሬውንም አልሰማሁ።»

ሴት ዘፋኞች ሁለት ነበርን፤ እኔና ሰልዋ። «ሰልዋ ናት» አልኩ። «ስም የምትጠራው እሷ ነበረች።» ሰልዋ ምን አደረገችኝ? ምንም። ፈርቼ ነው የሸጥኳት።

ሐጃ ተነሡ። በሩን ሊከፍቱልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ፍራሽ አውጥተው አነጠፉልኝ። «ኸላስ፣ በቃ፣ እዚህ ትተኛለሽ።»

ፍራሹ ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸው የፍራሹን ጫፍ እያስተካከሉ ቀጠሉ።

«ያቺን ልጅ ባገኛት፣ ወላሂ፣ ክፉ አልናገራትም። መድረኩ ላይ እንደወጣ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ሲላት ከታች፣ ከሩቅ ሆኜ አይቻለሁ፤ ፊቷን ግን አልለየሁም። ምን እንዳላት ብቻ ብትነግረኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሐረም መስጊድ ገብቼ ዱዓ የማደርገው ለዚሁ ነው።»

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ደህና እንቅልፍ ከተኛሁም ሁለት ወር ሆኖኛል። ግን የሴትዮዋን ዱዓ በአፌ ውስጥ ቆልፌ እንዴት ልተኛ?

«ሰልዋ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አልኩ። «‹እናቴ ብቻዋን ናት፤ ሌላ ሰው ጥሪ› ነው ያለኝ።»

የፍራሹን ጫፍ ለቀቁት። «አንቺስ ምን አልሽው?»

«ካድሬው እያየኝ ነበር» አልኩ። «ማይክሮፎኑን አስጠግቼ ስሙን ደግሜ ጠራሁት።»

ሐጃ ከፍራሹ ላይ እንድነሣ በእጃቸው አመለከቱኝ፤ ጠቅልለው ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ።