ጎነ ነጭ ጎማ

«ምስማር ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» አለ ድንክዬ፣ ሳህኑ ላይ የቀረችውን ድንች በሹካ እያሳደደ። ድንክዬ የሚሉት ለቀልድ ነው፤ በዌንዴል በር ጎንበስ ካላለ የማይገባ ሰውዬ ነው። «ወንዙ ዳር ጣሪያ የሚያድሱ ሰዎች አሉ አይደል? ምስማሩን መንገድ ላይ ይበትኑታል። አንዷ ገባች፣ ጎማው ፈነዳ፣ በቃ። አንተ ምን ታደርግ?»

ሶፋው ላይ የተደረደሩት የሞተረኞች ማኅበር አባላት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ስልሳን የተሻገሩ፣ ሆዳቸው የቆዳ ሰደርያቸውን የገፋው ሰዎች ናቸው። መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ያስፈራሉ፤ ለቅሶ ቤት ገብተው ግን እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት እንኳ ጠፍቷቸው ነበር።

ዌንዴል ቀኝ ክንዱ በጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮለት ተቀምጧል። ትከሻው ተሰብሯል። ሰኞ ዕለት ሞተሩ ላይ ከኋላው ተቀምጣ የነበረችው ሚስቱ ኮሪን ግን ከመንገዱ ዳር ብረት ጋር ተጋጭታ እዚያው ሞታለች።

«ምስማር ይሆናል» አለ።

ምስማር እንዳልሆነ አሳምሮ ያውቃል። ኩሽና ውስጥ እጀታውን ሰብስቦ ሳህን የሚያጥበው የኮሪን ወንድም ሮላንድም ያውቃል። ሮላንድ ጎሚስታ ነው፤ አባቱም ጎሚስታ ነበር። ምስማር የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር ሳህኑን ኳ አድርጎ ያስቀምጥ ነበር።

እዚህ ዊስኮንሲን ሰው ሲሞት ጎረቤት ምን ላምጣ ብሎ አይጠይቅም፤ ድንች በአይብ ጋግሮ፣ ትሪው ሥር ስሙን ለጥፎ ይመጣል። እስከ ረቡዕ ቀትር አሥራ አንድ ትሪ ገብቷል። ኮሪን ብትኖር ኖሮ እያንዳንዱ ላይ የገባበትን ቀን ትጽፍበት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አይብ ፋብሪካ የሠራችው ሥራ ይኸው ነበር፣ አይብ ላይ ቀን ማተም። ቤት ስትመጣም አልተዋትም። ወተቱን፣ ሰናፍጩን፣ የራስ ምታት ክኒኑን ሳይቀር ቀኑን አይታ ነው የምታስቀምጠው። «አንቺ ሴት፣ አንድ ቀን እኔም ላይ ታትሚብኛለሽ» ይላት ነበር ዌንዴል። «አንተማ ካለፈብህ ቆይቷል፤ አሳዝነኸኝ ነው ያልጣልኩህ» ትለዋለች።

ሮላንድ እጁን ጠራርጎ ሳሎኑ በር ላይ ቆመ። «ዌንዴል፣ አንዴ ወደ ጋራዡ ና» አለው።

ጋራዡ ባዶ ነው። ሞተሩ ፖሊስ ግቢ ተቆልፎበታል። ወለሉ ላይ ጎማ ማውለቂያ ብረቶቹና ጎማዎቹ ተጠቅልለው የመጡበት ቡናማ ወረቀት እስካሁን እንደተጣሉ ናቸው። ሮላንድ ወረቀቱን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለ። «እሷ ታውቅ ነበር?»

ነገሩ የጀመረው በሚያዝያ ነው። በረዶው ቀልጦ ሞተሩ ከሽፋኑ ሲወጣ፣ ዌንዴል የኋላ ጎማው ጥርስ ማለቁን አየና ወደ ሮላንድ ሱቅ ሄደ። ሞተሩ ያው ከሠርጋቸው በፊት የገዛው ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ባዶውን ሦስት ኩንታል ተኩል የሚመዝን ብረት። ሮላንድ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሁለት ጥቁር ጎማ አወረደለት።

«ይሄኛው ለስላሳ ነው፤ አስፋልቱን ይነክሳል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ይሄ ደግሞ ደረቅ ያለ ነው፤ ብዙ ይሄዳል፣ ዝናብ ላይ ግን ትጠነቀቃለህ። ሁለቱም ሁለት ሰውና ሻንጣ ይሸከማሉ። እኔን ከጠየቅከኝ ለስላሳውን ውሰድ። ከኋላ የምትጭነው እህቴን ነው።»

«እኔ ነጩን ነው የምፈልገው» አለ ዌንዴል።

በሠርጋቸው ፎቶ ላይ የሞተሩ ጎማ ጎኑ ነጭ ነው። ኮሪን በሙሽራ ቀሚሷ ከኋላ ተፈናጥጣ፣ ጫማዋን አውልቃ ትስቃለች። መስከረም ላይ ከተጋቡ ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሞላቸው ነበርና ሞተሩን ያኔ እንደነበረ አድርጎ ሊያሳያት ፈለገ። ምክንያቱ ይሄ ነው፣ ሌላ ተንኮል የለውም።

«በዚህ ልክ ነጭ መሥራት ካቆሙ ስንት ዘመናቸው» አለ ሮላንድ።

«አግኝቻለሁ። ከወረቀቱ ያልወጣ። አንድ የሞተ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ተሰቅሎ የኖረ።»

አምጥቶ አሳየው። ሮላንድ ጥርሱን ዞር ብሎም አላየው፤ ጎማውን ገልብጦ ጎኑን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ አራት አሃዝ ፈለገ። 3112 ይላል።

«የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ የ2012 ሠላሳ አንደኛው ሳምንት» አለ። «አሥራ አንድ ዓመቱ። ላስቲኩ ደርቋል፣ ዌንዴል። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ አዲስ ይመስልሃል፤ ውስጡ ብስኩት ነው። አልገጥምልህም።»

«አንድ ቀን እንኳ አልተነዳም እኮ።»

«ለጌጥ ከወደድከው ግድግዳህ ላይ ስቀለው። እህቴን አትጭንበትም።»

ተኳረፉ። ዌንዴል ቤቱ ሄዶ ጎማዎቹን በገዛ እጁ ገጠማቸው። ግማሽ ቀን ፈጀበት፣ ጣቶቹ ተላጡ። ጎሚስታ ሁሉ አዲሱን ሊሸጥ ስለሚፈልግ ያስፈራራል ብሎ ራሱን አሳመነ፤ ለማመንም ብዙ አልተቸገረም።

አሁን ሮላንድ ባዶው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። «ነግረሃታል ወይ? እኔ ያልኩህን?»

ለምን እንደዋሸ ልንገራችሁ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከሰኞ ጀምሮ ዓይኑን አልከደነም። ልጅ አልወለዱም፤ ከኮሪን ወገን የቀሩት ሮላንድና እናቱ ብቻ ናቸው። እነዚህን ካጣ ስሟን አብሮት የሚያነሳ ሰው አይኖርም። ፈራ፣ በቃ።

«ነግሬያታለሁ» አለ። «አሮጌ መሆኑን ታውቃለች። ግድ የለም፣ ነጩ ይሁንልን አለች።»

ሮላንድ ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ልጠላህ ነበር የመጣሁት» አለ። «እሷ ካወቀች ግን ምን እላለሁ።» ተመልሶ ገብቶ የቀሩትን ሳህኖች አጠበ።

ለቀስተኞቹ ከሄዱ በኋላ ዌንዴል የኮሪንን እስክሪብቶ ከመሳቢያ አወጣ። በግራ እጁ፣ በተንጋደደ ጽሑፍ፣ አሥራ አንዱም ትሪ ላይ ቀን ጻፈ። ለማን እንደሚጽፍ አያውቅም።

ሐሙስ የስንብት ቀን ነበር። ቀብር አስፈጻሚው አዳራሽ ውስጥ ሳጥኑን ከፍተው አስቀመጡት፤ ሰው ተሰልፎ እያለፈ የዌንዴልን ግራ እጅ ይጨብጣል። «ያጽናህ» ይሉታል። «የምትወደውን እያደረገች ነው የሄደችው» ይሉታል፣ አንዱ ያለውን ሌላው እየደገመ። ከበሩ አጠገብ ሁለት የፋብሪካ ጓደኞቿ ስለ ምስማሩ ይንሾካሾካሉ። የኮሪንን ፊት በዱቄት ሸፍነው፣ ተቀብታ የማታውቀውን የከንፈር ቀለም ቀብተዋታል። ዌንዴል አንዴ አይቶ ሁለተኛ ማየት አቃተው።

አማቱ ቨርና ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው ሳጥኑ ዘንድ ቀረቡና ብዙ ቆሙ። ዌንዴል የሚያለቅሱ መስሎት ሊደግፋቸው ተጠጋ። እሳቸው ግን ተቆጥተው ነበር።

«ሮላንድ ነገረኝ» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ዞር ሳይሉ። «ጎማው የማይረባ መሆኑን እያወቀች ነው አሉ የተቀመጠችበት። ለፎቶ። ስልሳ ዓመት ሙሉ እንቁላል ሳታሸት የማትሰብር ልጅ፣ ለነጭ ጎማ ብላ። አየህልኝ ጅልነቷን? እኔን ለማን ጥላ ነው?»

«እማማ፣ ይተዉ እባክዎ።»

«አልተውም። አንተ ወንድ ነህ፤ ወንድ ብረት ሲያይ ይጃጃላል፣ አልፈርድብህም። እሷ ግን ታውቅ ነበር።» ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አሉ። «አፈርኩብሽ» አሏት። ግንባሯን ሳይስሙ ተመለሱ።

ዌንዴል ሊናገር አፉን ከፈተ። ያኔውኑ ድንክዬ መጥቶ በዚያ ግዙፍ ክንዱ አቀፈው፣ ሰልፉም ቀጠለ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ኮሪን ባልዲ ውሃና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዛ፣ ጋራዡ ወለል ላይ ተንበርክካ የጎማውን ነጭ ታሻለች። ወዳዋለች። መጀመሪያ ያሳያት ቀን አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። ዌንዴል በዕድሜው ያን ያህል የተደሰተባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ብሩሹ በመሃል ቆመ።

«ዌንዴል፣ ይሄ አራት አሃዝ ምንድነው? ቀን ይመስላል።»

«የሞዴል ቁጥር ነው።»

«እርግጠኛ ነህ? ሳምንትና ዓመት አይደለም? እኛም እኮ እንዲህ አድርገን ነው የምናትመው።»

«ጎማ አይብ አይደለም፣ ኮሪን። የሞዴል ቁጥር ነው አልኩሽ።»

ቀና ብላ አየችው። ለወተት የማትሰጠውን እምነት ለእሱ ሰጠችው። «እሺ» አለችና ማሸቷን ቀጠለች።

በነሐሴ፣ አስፋልቱ ከሙቀት በሚለሰልስበት ሰኞ፣ ሻንጣ ጭነው ወደ ወንዙ ወረዱ። ኮሪን ከኋላ ተደላድላ ስትቀመጥ እንደ ልማዷ የዌንዴልን ጎን ሁለቴ መታ መታ አደረገችው፤ ሂድ ማለቷ ነው። ቁልቁለቱ ላይ የኋላው ጎማ ጎኑ ተተረተረ። ምስማር ቢሆን ቀስ እያለ ነበር የሚያስተነፍሰው። ይሄ ባንዴ ሄደ።

ዓርብ ቀበሯት። ሠላሳ ሞተር ፊት ፊት ሄደ፤ ዌንዴል በሮላንድ መኪና ተከተለ። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የበቆሎው እርሻ ጥግ ላይ ነው። ፓስተሩ ጸሎቱን ሲጨርሱ ሁሉም ተራ በተራ እየቀረበ አፈር ዘግኖ በተነ። ቨርና ከቆሙበት ዛፍ ሥር አልተነቃነቁም። ሮላንድ ሄዶ እጃቸውን ይዞ ለመናቸው።

«እሷ እኔን አላሰበችኝም» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሳጥኑ ሲወርድ ፊታቸውን ወደ በቆሎው አዙረው ነበር።

ዌንዴል ያደረገው ነገር ያን ጊዜ ገባው። መግደሉ አንሶ ጥፋቱንም ለእሷ አሸክሞ እየቀበራት ነው። ስሟን የሚያነሳ ሰው እንዳይጠፋበት ብሎ ዋሽቶ፣ እናቷ እንኳ ስሟን በቁጣ እንዲያነሱት አደረገ። ቆዩ፣ አትመልሱት ሊል ወደ ጉድጓዱ አንድ እርምጃ ቀረበና እዚያው ቆመ። አፈሩ ተመለሰ።

ከቀብር መልስ ምሳው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነበር። በረጃጅሙ ጠረጴዛ ላይ የአሳማ ሥጋ፣ ዳቦ፣ እንደገና ድንች ተደርድሯል። ቨርና ዌንዴል አጠገብ ተቀመጡ። ሥጋውን በአንድ እጁ ሲታገለው አይተው ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡና በቢላ ይቆርጡለት ጀመር።

«አመድ መስለሃል» አሉት። «ከእንግዲህ ያላችሁኝ አንተና ሮላንድ ናችሁ። አንተም እንዳትሞትብኝ።»

«አታውቅም ነበር» አለ ዌንዴል።

«ማን?»

«ኮሪን። ሮላንድ ጎማው አሮጌ ነው ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። አልነገርኳትም። ቁጥሩን አይታ ቀን ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ አይደለም አልኳት። ረቡዕ ለሮላንድ የነገርኩት ውሸት ነው።»

ሮላንድ ከማዶ ተቀምጦ ነበር። የሚጎርሰው እጁ ላይ ቀረ። አጠገቡ ያለው ድንክዬም ወሬውን አቋረጠ።

ቨርና ቢላውን እንደያዙ ናቸው። «ጠየቀችህ?» አሉ።

«ጠየቀችኝ።»

«ደግማስ? ልጄን አውቃታለሁ፣ አንዴ ጠይቃ አትተውም።»

«ደግማ ጠየቀችኝ።»

«ጠይቃለች» አሉ ቨርና፣ ለሮላንድ ይሁን ለራሳቸው አይታወቅም። «ጠይቃለች ልጄ።» ወደ ዌንዴል ዞሩ። «ትናንት አፈርኩብሽ ስላት አጠገቤ ነበርክ። ዛሬ አፈር ስነፍጋትም አጠገቤ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

ሮላንድ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍትሮ ተነሳ። እናቱ ቀና ሳይሉ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። ከዚያ ወደ ሳህኑ ተመልሰው የቀረውን ሥጋ ቆረጡ፣ ለሕፃን እንደሚቆረጥ አሳንሰው፣ አንዱንም ሳያስቀሩ። ቢላውን በወረቀት ጠርገው አስቀመጡ። ሹካውን የዌንዴል ግራ እጅ ውስጥ አደረጉና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት።

«ብላ» አሉት።

ከዘራቸውን ፈልገው፣ የሮላንድን ክንድ ይዘው፣ ደረጃውን ወደ መቃብሩ ወጡ። ዌንዴል አልተከተላቸውም። ጎንበስ ብሎ የቆረጡለትን አንድ በአንድ በላ።