ምች የመታት ዶሮ

ጎረቤቴ ወልደጻድቅ ከነፋስ ጋር የተጣላ ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ ደብረ ብርሃን አድጎ ከነፋስ ጋር መጣላት እንዴት እንደሚቻል እሱ ብቻ ያውቃል። ታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮት በጣት ያህል ከፈት ካለ፣ "ኧረ ዝጉት! ሰው ልትጨርሱ ነው እንዴ?" ብሎ የሚጮኸው ሰውዬ እሱ ነው። ክረምት ከበጋ አንገቱ ላይ ሻርፕ አለ። ሚስቱ ዘርፈሽዋል "ስንጋባም አላወለቀውም" ትላለች፤ ሰርጉ ላይ ስለነበርኩ እመሰክርላታለሁ። ከሱፉ በላይ ጠምጥሞት ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ብርድ ልብስ ፋብሪካውን ለቆ የፎቅ መስታወት አጣቢ የሆነው። ከተማችን ሰሞኑን መስታወት ለብሳለች፤ መስታወቱን ደግሞ አቧራ ይለብሰዋል። ወልደጻድቅ ይህን አየና አሮጌ ሚኒባስ ገዛ፤ ወንበሮቹን ነቅሎ በርሜል፣ ባልዲና መሰላል ጫነበት። በጎኗ ላይ "ወልደጻድቅና ቤተሰቡ የመስታወት ጽዳት" ብሎ አስጻፈ። ቤተሰቡ የተባለችው ዘርፈሽዋል ናት። ልጆቹማ አድገው በየፊናቸው ሄደዋል።

ሰውዬው ከነፋስ ሌላ የሚፈራው ነገር ቢኖር ከፍታ ነው። ከመሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ ካለፈ ዝክሩን በልቶ የማያውቀውን ጻድቅ ሁሉ ይጠራል። ስለዚህ የምትወጣው ዘርፈሽዋል ናት። እሱ ከታች መሰላሉን ይዞ "ቀስ በይ!" ይላል፤ ሥራው እሱ ነው። እሷ የአንኮበር ልጅ ናት፤ የአባቷ ቤት ገደሉ አፋፍ ላይ ነው የተሠራው።

"እኛ አገር ፍየሏ እንኳ ከዚህ ፎቅ የባሰ ቦታ ቆማ ነው የምትግጠው" ትላለች፣ አንድ እጇን ለቅቃ።

ችግሩ ውሃው ነበር። ውርጩ ሲመጣ ጠዋት ጠዋት በርሜሉ ላይ በረዶ ይጋገራል፤ እርጥቡ ጨርቅ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። የዘርፈሽዋል እጅ ተሰነጣጠቀ። ቫዝሊን ቀባች፣ ቅቤ ቀባች፣ ምንም።

"እትዬ ምሥራቅ፣ እስቲ ይዩልኝ" አለችኝ አንድ ቀን። "ይሄ እጅ ነው ወይስ የታረሰ መሬት?"

ባሏን ደግሞ እዚያው እኔ ፊት ጠርታ ቁርጡን ነገረችው። "ወይ ውሃው ይሞቃል፣ ወይ እኔ አንኮበር ወንድሜ ጋ ገብቼ ገብሴን እየቆላሁ እቀመጣለሁ። መሰላሉን አንተ ትወጣታለህ።"

ወልደጻድቅ መሰላሏን አያት። መሰላሏም አየችው። በማግሥቱ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ፍለጋ ወጣ።

ያገኘው ከአንድ የፈረሰ እንግዳ ማረፊያ የወጣ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነጭ ሣጥን ነው። የገጠመለት ቴዎፍሎስ የሚባል የጋዝ ምድጃ ጠጋኝ ሲሆን፣ ሥራው የተሠራው እኛ ግቢ በር ላይ ስለነበር እኔም በርጩማዬን አውጥቼ ተከታተልኩ። ሰፈሩም ተከታተለ። ቴዎፍሎስ ሣጥኑን ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ባለው ብረት ላይ አሠረ። ሲሊንደሩን እንዳይወድቅ በቀበቶ ጠፈረው። ውሃውን ከበርሜሉ እየገፋች ወደ ማሞቂያው የምትልክ፣ በመኪናው ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ገጠመ። የመዳብ ቱቦውን ሲያጣምም የሠፈራችን ዘበኛ ቀረብ ብሎ፣

"አረቄው መቼ ነው የሚወርደው?" አለ።

"የመስታወት ማጠቢያ ነው" አለ ወልደጻድቅ ኮስተር ብሎ።

"እሱማ፣ እኛም አንጀታችንን እናጥብበታለን።"

መጨረሻ ላይ ቴዎፍሎስ ጣሪያውን በስቶ የጭስ ማውጫ ቱቦ አቆመ፤ ወለሉን ደግሞ በር አጠገብ ቀደደው። ወልደጻድቅ ቀዳዳው ላይ ጎንበስ ሲል የአስፋልቱ ነፋስ ፊቱን ገረፈው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"አየር መግቢያ ነው፣ ጋሽ ወልደጻድቅ። እሳቱ አየር ይፈልጋል። በዚህ ይገባል፣ በዚያ ይወጣል። ሁለቱንም እንዳይነኩብኝ። ሲያበሩት ደግሞ በሩን ከፈት ያድርጉ።"

"እሺ፣ እሺ" አለ ወልደጻድቅ። እሺ ሲደጋግም አልሰማም ማለቱ ነው፤ እኔና ዘርፈሽዋል እናውቀዋለን።

ማሞቂያው ሲበራ ግን ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ከቱቦው እንፋሎት ያለው ውሃ ወረደ። ዘርፈሽዋል ሁለት እጇን ባልዲው ውስጥ ነክራ ዓይኗን ጨፈነች።

"ወልዴ፣ ከተጋባን ወዲህ ካደረግህልኝ ነገር ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።"

"ልጆቹስ?"

"ልጆቹንማ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።"

ደስታው የቆየው የመጀመሪያው ነፋስ እስኪመጣ ነው። ከጣሪያው ቱቦ የገባ ነፋስ እሳቱን እልም አደረገው። ሲያበራው ይጠፋል፣ ሲያበራው ይጠፋል። ዘርፈሽዋል መሰላሉ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይዛ "አንኮበር!" ብላ ጮኸች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ወልደጻድቅ ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አንሥቶ ለእሷው አቀበላትና የጭስ ማውጫው አናት ላይ አስደፋት። የወለሉን ቀዳዳ ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ በነበረ ጊዜ ባመጣው የብርድ ልብስ ቁራጭ ወተፈው። ነፋሱ ቀረ። እሳቱም እንደምንም በራ፤ ትንሽ ቢጫ ቢሆንም።

ከዚያ የዘርፈሽዋል ራስ ምታት ጀመረ።

እሷ ከመሰላል ስትወርድ፣ ውሃው እስኪሞቅ ሚኒባሱ ውስጥ ትቀመጣለች። ባሏ በሩን ግጥም አድርጎ ይዘጋላታል፤ ከፍቅር ነው። ስትወጣ ራሷን ይዛ ነው የምትወጣው። ያቅለሸልሻታል፣ ጉልበቷ ይዝላል።

"ምች ነው" አለ ወልደጻድቅ። "ከሙቀት ወጥተሽ ነፋስ ሲያገኝሽ ምን ትሆኚ መሰለሽ?"

"አንተን ለምን አያምህም ታዲያ?"

"እኔ ሻርፕ አለኝ።"

ከጓሮ ዳማከሴ ቆረጠ፤ አሽቶ አሸተታት፣ ጨምቆ አጠጣት፣ ግንባሯን ቀባት። ሻል ያላት መሰለ። ለመሻሏ ምክንያት የሆነው ቤቷ ገብታ ማደሯ ይሁን ቅጠሉ፣ ያኔ የጠየቀ የለም። በማግሥቱ ስትታመም ወልደጻድቅ ነፋሱ በየት እንደሚገባ ፈተሸና የኋላውን በር ስንጥቅ በፕላስተር ለጠፈ። በሦስተኛው ቀን የመስኮቶቹ ጎማ ላይ ስፖንጅ ጠቀጠቀ። እሷ በታመመች ቁጥር እሱ ይደፍናል፤ እሱ በደፈነ ቁጥር እሷ ትታመማለች። ሰፈሩ በሙሉ ዳማከሴ ዳማከሴ ሸተተ።

"በቀዝቃዛው እጄ ነበር የሚሰነጠቀው" አለችኝ። "በሙቁ ራሴ ሊሰነጠቅ ነው። ጫጫ ከተማ ያለውን ሥራ ጨርሼለት እሄዳለሁ፣ እትዬ ምሥራቅ። ለወንድሜ ደውዬለታለሁ።"

ይህን ለወልደጻድቅም ነገረችው። ሰውዬው ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ሲያልፍ ሲያገድም መሰላሏን ይዳስሳታል።

ጫጫ ላይ ሊመረቅ የተዘጋጀ ባለ ሁለት ፎቅ ሆቴል ነበር። ቀኑ የገበያ ቀን ነውና እኔም ለበዓል ዶሮ ልገዛ አብሬያቸው ሄድኩ። እንደደረስን ወደ ገበያ ወርጄ አንዲት ደረቷ የሞላ ቀይ ዶሮ ገዛሁ። እግሯን አስሬ ስመለስ ዘርፈሽዋል ላይኛውን ፎቅ አጥባ ከመሰላል ወርዳለች፤ ውሃ እስኪሞቅ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጣለች።

"ይግቡ፣ ይግቡ! በሩን አያስከፍቱብኝ!" አለኝ ወልደጻድቅ፣ ከነዶሮዬ ገፍቶ አስገብቶኝ በሩን እየዘጋ።

ውስጡ የሚመች ነው፤ አልዋሽም። የልደታ ማኅበር ድግስ ቤት ይመስላል ሙቀቱ። ዶሮዬን ማሞቂያው ሥር ወለሉ ላይ አስቀመጥኳት፤ መጀመሪያ ስትንጫጫ ነበር። ከዘርፈሽዋል ጋር ስለ ወንድሟ ሚስት ክፋት ጥቂት አወራን። ትንሽ ቆይቶ ጨዋታው ጠፋኝ። ጆሮ ግንዴ ላይ አንድ ሰው ሙቀጫ የሚወቅጥ መሰለኝ። ዘርፈሽዋል ራሷን መስኮቱ ላይ ደግፋለች፤ ዓይኗ ከደን ከደን ይላል። ዶሮዋን ባያት አንገቷን አጥፋ ተኝታለች።

"ወልደጻድቅ! ዶሮዬን!" አልኩ። እንዲህ ነው ሰው፤ ራሴን ሳይሆን ዶሮዬን ነው የተጣራሁት።

ወልደጻድቅ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ወዲያው ከኋላው ዘጋው። ዶሮዋን አነሣት፤ ወደዚህ ሲያዘነብላት አንገቷ ወደዚህ፣ ወደዚያ ሲያዘነብላት ወደዚያ። ከኪሱ ዳማከሴ አወጣ።

"ምን ልታደርጋት ነው?"

"ምች መቷታል።"

"ዶሮ?"

"ዶሮ ሰው አይደለችም እንዴ?" አለና ቅጠሉን አሽቶ አፍንጫዋ ላይ፣ ያው መንቁሯ ላይ ያዘላት።

ዘርፈሽዋል በግድ ዓይኗን ከፈተች። ባሏን አየችው። ዶሮዋን አየቻት። እንደገና ባሏን አየችው።

"ወልዴ" አለች፣ ምላሷ እየተሳሰረ። "ይቺ ዶሮ መሰላል ወጥታ ነበር?"

"እ?"

"ላብ አልቧት ነበር? ከሙቀት ወጥታ ነፋስ አገኛት? እዚሁ ነው እኮ የተቀመጠችው! ነፋስ የለም እኮ እዚህ! ስንት ጊዜህን ፈጅተህ ነው የደፈንከው!"

ወልደጻድቅ ቅጠሉን እንደያዘ ቀረ። እሷ ተንጠራርታ ጋዙን ዘጋች፤ በሩን በእግሯ መታ አድርጋ በረገደችውና ከእሱ እጅ ዶሮዋን ነጥቃ ወጣች። እኔም እየተንገዳገድኩ ተከተልኳት። የጫጫ ነፋስ ያለ ርኅራኄ መታን። ከእግዜር እጅ የተላከ መሰለኝ፤ ጠጣሁት። ከነዶሮዋ ሦስታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ትንፋሻችንን ስንሰበስብ፣ መጀመሪያ ክንፏን ያራገበችው ዶሮዋ ናት። ከዚያ አንዴ "ቋቅ" አለች። ስድብ እንደሆነ ገብቶኛል።

"ቤት ዘግቶ ከሰል ያነደደ ሰው ምን እንደሚሆን አታውቅም?" አለችው ዘርፈሽዋል።

"ከሰል ጭስ አለው። ጋዝ እኮ ንጹሕ ነው..."

"ንጹሑ ገሎኝ ነበር እኮ!"

ወልደጻድቅ ይህን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ወደ ሚኒባሱ ገብቶ የብርድ ልብሱን ቁራጭ ከወለሉ መንጭቆ ወረወረው። ስፖንጁን፣ ፕላስተሩን፣ ሁሉንም። ጣሪያው ላይ ያለውን ቆርቆሮ ለማንሣት ግን መሰላል ያስፈልጋል። መሰላሏን አያት።

"እኔ ዛሬ አልወጣም፤ ራሴ ይዞራል" አለች ዘርፈሽዋል። "ነገ ደግሞ የለሁም።"

ወጣ። ሦስተኛውን ደረጃ አለፈ። የነፋሱ ባለዕዳ ነበርና ነፋሱ አገኘው፤ ሻርፑን ፈታትቶ እንደ ባንዲራ አውለበለበበት። ጻድቃኑን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ወደ ላይ ሰድዶ ቆርቆሮዋን ዳበሰ። ነቀላት። እዚያው ቆሞ ግን ቀረ፤ መውረድ አቃተው።

"ዘርፌ!" አለ፣ ድምፁ ሰልሎ። "አትሂጂ።"

"ስለፈራህ ነው ወይስ ስለወደድከኝ ነው?"

"ሁለቱም ነው፣ አሁን አትጠይቂኝ!"

ዘርፈሽዋል ከት ብላ ሳቀች። የሆቴሉ ዘበኛና ገበያተኛው ቆመው ያያሉ። ተነሥታ መሰላሉን ያዘችለትና፣

"ቀስ በል!" አለችው።

አንኮበር አልሄደችም። ለወንድሟ ደውላ "ገብሱን ራስህ ቁላው" አለችው። ቴዎፍሎስ መጥቶ የጭስ ማውጫው አናት ላይ ነፋስ የማያስገባ፣ ጭስ ግን የሚያስወጣ ክዳን ሠራለት፤ ሁለተኛ ቀዳዳም ጨመረ። አሁን ሚኒባሷ ቆማ ማሞቂያው ሲበራ በሯም መስኮቶቿም ወለል ብለው ነው። ዘርፈሽዋል በሙቁ ውሃ እየዘፈነች ታጥባለች፤ እሱ ሻርፑ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ከትቶ መሰላሏን ይይዛል። "ውሃው የኔ፣ ነፋሱ ያንተ" ብላ ተካፍላለች።

ዶሮዋን ለበዓል አረድኳት። ውለታዋን አልካድኩም፤ ግን ዶሮ ናት። ባልና ሚስቱን ጠርቼ ፈረሰኛውን ለዘርፈሽዋል አወጣሁላት። ወልደጻድቅ አንዴ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ቆም አለ።

"እትዬ ምሥራቅ፣ ትንሽ ዳማከሴ ዳማከሴ አትልም?"

ዘርፈሽዋል እጇን እንኳ ሳትታጠብ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተችበት።