ወደ ላይ የወደቀች ጠጠር

ሠርጌ እሑድ ነው፤ አጎቴ ግን አልመጣም ብሏል። ምክንያቱን ስናገር ሰው ሁሉ የምቀልድ ይመስለዋል። እናቴና ታናሽ ወንድሟ የተኳረፉት በውርስ አይደለም፣ በጭቃ ነው። ከሰሜን ባሕር ወለል በወጣ፣ ቁመቱ እንደኔ አጭር በሆነ አንድ ቁራጭ ጭቃ!

ሁለቱም ሙያቸው የባሕር ጭቃ መመርመር ነው። በጥንት ዘመን ሰሜኑን የሸፈነው የበረዶ ግግር ዳር ዳሩ እየተሰበረ ባሕር ላይ ይንሳፈፍ ነበር፤ ሲቀልጥም አቅፎት የመጣውን ጠጠር ታች ጭቃው ላይ ይጥላል። ጠጠር በዛ ማለት ግግሩ እየፈረሰ ነበር ማለት ነው። ጭቃው ደግሞ ስለሚደራረብ ከታች ያለው የድሮ፣ ከላይ ያለው የቅርብ ነው። በዚያ ቁራጭ ውስጥ ጠጠሩ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ እናቴ "ግግሩ ያን ጊዜ ተረጋግቷል" ብላ ጻፈች። አጎቴ "የአካባቢው ጭቃ ሁሉ የሚለው ሌላ ነው፤ እየፈረሰ ነበር" ብሎ በጉባኤ ፊት ሞገታት። ዓይንህን ላፈር ተባባሉ፤ አሁን ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

እኔን ግን አባት ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው። እሑድ እጄን ይዞ ካላስገባኝ ሠርጉ ሠርግ አይሆንልኝም።

ከዘር አልወጣሁምና የምሠራው እናቴ ላቦራቶሪ ነው። እያንዳንዱ ጭቃ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ይመረመራል፣ ግማሹ ሳይነካ ቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጣል። የራጅ ማሽን ስለገባልን፣ እናቴ ያልተነኩትን ራጅ አንሺልኝ አለችኝ። ያ ክፉ ቁራጭም ተራው ደረሰ።

ምስሉ መሃል ባቄላ የምታክል ጠጠር ታየችኝ። ጠጠር ለስላሳ ጭቃ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ያለውን ያጎደጉዳል፤ ሰው ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ እንደሚሆነው። ይቺ ጉደኛ ግን ያጎደጎደችው ከላይዋ ያለውን ነው። ወደ ላይ ወድቃለች!

ዓይኔን አሸሁ። ምስሉን ገለበጥኩት። ጠጠሯ እንደ ጨዋ ልጅ ወደ ታች ወደቀች።

ቁራጩ ተገልብጦ ኖሯል! እናቴና አጎቴ አብረው በተሳፈሩበት መርከብ ላይ ጭቃው ሲቆራረጥ የእያንዳንዱ ቁራጭ አናት በቀይ ክዳን፣ ግርጌው በነጭ ይከደናል፤ የዚህ ቀዩ ግርጌው ላይ ገብቷል። በሳቅ ፈነዳሁ። በሚዞረው የሥራ ወንበሬ ላይ ሦስቴ ዞርኩ። አጎቴ ትክክል ነው፣ አጎቴ ይመጣል! ከዚያ ሳቄ ቀጥ አለ። ለእናቴ የሚነግራት ማን ነው?

"እማዬ፣ እስቲ ቁጭ በይ።"

"ምነው፣ ሙሽራው ጠፋ እንዴ?"

"እሱስ አለ። ጠጠር ወደ ላይ ወደቀ።"

ምስሉን አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ደግማ አየች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀች ነው።

"ታሪኩን በአናቱ አቁሜ አነበብኩት!" አለች እንባዋን እየጠረገች። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኛ ንጋት ምን ዓይነቱ ነው እንዲህ የቆየው!"

ሳቋ ሳይበርድ ለአጎቴ ደወለች፤ ድምፁ እንዲሰማኝም የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈተችልኝ።

"እኔ ነኝ" አለችው። "ያንን ቁራጭ ገልብጬ ከድኜዋለሁ። ግግሩ ፈርሷል፤ አንተ ትክክል ነበርክ።"

"እንኳን ደስ አለህ" ልለው አፌን ስከፍት፦

"እቴቴ" አለ ቀጭን ድምፅ። "አንቺማ አልከደንሽውም። በዚያ ማዕበል ባልዲ አቅፈሽ ስታስመልሺ ነበር። የከደንኩት እኔ ነኝ።"

ወይ ጉድ! ሰውዬው በገዛ እጁ ከገለበጠው ጭቃ ጋር ነው ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተው። እናቴ ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች፤ እሱም ወዲያ ማዶ ሳቁ ሳል ሆነበት፤ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ሆዴን ያዝኩ።

ሳቁ ጋብ ሲል "ናፍቀኸኛል" አለችው፤ ያለ ማስረጃ ዝናብ ዘነበ የማትለው እናቴ።

"ማስረጃ አለሽ?"

"አለኝ። እሑድ ከጎኔ ያለውን ወንበር ለማንም አልሰጠሁም።"



"በስንት ሰዓት ነው?" አለ።

እናቴ ስልኩን ወደኔ ዘረጋችው፤ ሰዓቱን የነገርኩት እኔ ነኝ።