የቡርቃ ጨፌ ጉባኤ

“ቀኛዝማች አምላኩ፣ ሸህ አብዱራህማን፣ እመት በዛች” አሉ መምህር አለምነው፣ ሦስት ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ። “የቡርቃ ጨፌን ደንብ ያቆሙት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ስለ ጨፌው የሚነገር ነገር ሁሉ ጨፌው ላይ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ይነገር ብለዋል። እኔ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አልፈርምም።”

የቆሙት ከአዳራሹ በር ላይ ነበር። ከውስጥ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ ተቀምጧል፤ የድንጋይ ማምረቻ ድርጅቱ ወኪል አቶ ደሳለው ደግሞ በየደቂቃው የእጅ ሰዓቱን ያያል። የወረዳው የማዕድንና የመሬት ባለሙያ ሁዜይፋ ፋይሉን በብብቱ ይዞ በመምህሩ ፊት እንደ ተማሪ ቆሟል።

“ጋሼ፣ ቦታው ለውጥ አያመጣም እኮ” አለ ድምፁን አለስልሶ። “እዚያም ሆነ እዚህ፣ ቃለ ጉባኤው ያው ነው።”

“ለውጥ ካላመጣ መሄዱ ምን ይጎዳሃል?”

ሁዜይፋ ፋይሉን ወደ ሌላኛው ብብቱ አዛወረ። በእኒህ ሽማግሌ ፊት ተማሪ መሆን ለእሱ አዲስ አልነበረም። አባቱ ሞቶ እናቱ አሚራ ለሥራ ሄዳ ጅዳ በኖረችባቸው ስድስት ዓመታት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን የሚዘረጋው በመምህር አለምነው ቤት ነበር። ካርታ ማንበብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በረመዳን ማፍጠሪያውን የሚያሰናዱለት ባለቤታቸው ነበሩ። ሆኖም በዚህ ዓመት መምህሩ ስለ ጨፌው ለጻፉለት ሦስት ደብዳቤዎች የሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነበር፦ “ጉዳዩ በመመሪያው መሠረት ተስተናግዷል።”

ቡርቃ ጨፌ አዳራሹ ካለበት ከመካነ ሰላም ከተማ የግማሽ ሰዓት መንገድ ይርቃል። አርባ ሁለት ቤተሰቦች የጋራ ሣር ያጭዱበታል። ከሐምሌ ጀምሮ ከብት አይገባበትም፤ በጥቅምት ሣሩ በዕጣ ይከፈላል፤ ዕጣውን ቀድመው የሚያወጡትም ባል የሞተባቸው ሴቶች ናቸው። ከሣሩ ሥር ግን ጥሩ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ድርጅቱም ቦታውን ለሃያ ዓመት ጠይቋል። ኪራዩን የሚወስነው መመሪያ የወጣው ድንጋይ በዲጅኖና በመዶሻ ይፈለጥ በነበረበት ዘመን ነው። መመሪያው መሬትን የሚያውቀው በሁለት ስም ብቻ ነው፦ የሚታረስ እና ጠፍ። የሚታረሰው ካሳ ይከፈልበታል። ጠፉ ካሳ የለውም፤ የአንድ ካሬ ሜትር የዓመት ኪራዩም አንድ ብርጭቆ ሻይ አይገዛም። ሁዜይፋ ፎርሙ ላይ “ጠፍ” ብሎ ሞልቷል። የቀረው የሣር ኮሚቴው ሰብሳቢ የመምህር አለምነው ፊርማ ብቻ ነበር።

ሁዜይፋ ወደ ጨፌው ለመሄድ እሺ ሲል፣ አቶ ደሳለው እያጉረመረመ መኪናውን አስነሣ። ለራሱ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ማስጫን ግን አልረሳም።

ጨፌው ላይ የኮሚቴው አባላት ቀድመው ተቀምጠው ነበር። ሣር አጭዳ በመሸጥ ሦስት ልጆች ያሳደገችው ሐረግ ከሁሉም ቀድማ ተነሣች።

“ሁዜ! ደህና ነህ ወይ የኔ ጌታ? አሚራ ደህና ናት? ኧረ ከሳህ ወላሂ! ቢሮው አያበላም እንዴ?”

“አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን እትዬ ሐረግ።”

“እንግዲያ ና ተቀመጥ። ለሱሪህ ካልሳሳህለት።”

ሁዜይፋ ፈገግ አለና ከመምህሩ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። ጨፌው በግንቦት ፀሐይ ገርጥቶ የሞተ ይመስላል፤ ጥቁሮቹ ድንጋዮች ከሣሩ መካከል አለፍ አለፍ ብለው አፍጥጠዋል።

“ይኸው በዓይንዎ እያዩት ነው አባታችን” አለ ደሳለው፣ ወንበሩ ላይ እየተደላደለ። “ይህ ጠፍ ካልሆነ የቱ ነው ጠፍ?”

“አንተ እንግዳ ነህ፤ ወንበርህ ላይ ተቀመጥ። ደንቡ እንግዳን አያስገድድም” አሉት መምህሩ በእርጋታ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጠርዙ ያለቀውን የቃለ ጉባኤ መዝገብ ከፈቱ። “በደንቡ መሠረት አስቀድሞ የባለድርሻዎቹ ስም ይነበባል። እሌኒ ጌጡ። ዘሀራ ይማም። አሚራ ሰይድ…”

ሁዜይፋ ቀና አለ። “እናቴ? እሷ እኮ ከብት የላትም።”

“ድርሻ ግን አላት። ጅዳ በነበረች ጊዜ ዕጣዋን የማወጣላት እኔ ነበርኩ። ሣሩ እየተሸጠ ደብተር ይገዛልህ ነበር።” መምህሩ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። “አንጀትህን ለመብላት ብዬ እንዳይመስልህ። ዝርዝሩ ውስጥ ስላለች ነው ያነበብኳት።”

ንባቡም ቀጠለ። መምህሩ ስም ጠርተው ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ የሞተ ሲገኝ ወራሹን ይጠይቃሉ፤ ወራሹ ማን እንደሆነ ክርክር ይነሣል፤ ሐረግ ትፈርዳለች። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁዜይፋ ሁለት ጊዜ ስልኩን አየ። ሠላሳ አንደኛው ስም ላይ ሲደርሱ ሐረግ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

“አቶ ደሳለው፣ ወደየት እየሄዱ ነው?”

ደሳለው የትም አልሄደም ነበር። የሚሄደው ወንበሩ ነበር። የኋላ እግሮቹ ቀስ በቀስ መሬት ውስጥ ሰጥመው ሰውየው ወደ ሰማይ ሊያይ ምንም አልቀረውም። ለመነሣት ሲወራጭ ይባስ ተንጋለለ።

“ያዘው ሁዜ! ጠፍ መሬት ሰው ሊውጥብን ነው!”

ሳቁ ጨፌውን ሞላው። ሁዜይፋ እየሳቀ ሊደግፈው ተነሣና ባለበት ቆመ። እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ሱሪውን ዳሰሰ። መዳፉን መልሶ ሲያየው እርጥብ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን ከደረቀው ሣር ሥር አስገብቶ ጫን አለ፤ ቀዝቃዛ ውኃ በጣቶቹ መካከል ፈለቀ።

“በግንቦት?” አለ በዝግታ።

“በግንቦት” አሉ መምህር አለምነው። “በእመት በዛች ዘመንም ሁለት ሰዎች ጨፌው ደርቋልና እንረሰው ብለው መጥተው ነበር። ‘ተቀመጡና ንገሩኝ’ አሏቸው። ክርክሩ ሳያልቅ ሰዎቹ የረጠበ ልብሳቸውን እያራገፉ ሄዱ። እኔም ደብዳቤዎቼ ላይ ስለ ውኃው ጽፌልህ ነበር።”

“አንብቤዋለሁ ጋሼ።” የሁዜይፋ ጆሮዎች ቀሉ። “ቦታውን ልለካ የመጣሁት በድርጅቱ መኪና ነበር። ከመኪናው አልወረድኩም። ልኬቱን ከመንገዱ ዳር ወሰድኩ፣ የቀረውን ከሳተላይት ምስል ሞላሁት።”

ደሳለው በመጨረሻ በሁለት እግሩ ቆሞ ጭቃውን እያራገፈ ነበር። “ይኼ ምንም አይለውጥም። መመሪያው ላይ ጨፌ የሚባል ነገር የለም። ወይ የሚታረስ ነው፣ ወይ ጠፍ።”

“እውነት ነው፣ የለም” አለ ሁዜይፋ። ፋይሉን ከፍቶ “ጠፍ” የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘው። ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ በእጁ ጻፈ፦ “ጨፌ። በበጋም ውኃ አለው። መመሪያው አያውቀውም። ፋይሉ እንደገና ይታይ።”

“ኃላፊህ ይኼን አይቀበልህም” አለ ደሳለው።

“ካልተቀበሉኝ እዚህ አምጥቼ አስቀምጣቸዋለሁ።”

“አብሽር!” አለች ሐረግ፣ በደስታ ጭኗን እየመታች።

አቶ ደሳለው ወንበሩን ከጭቃው ነቅሎ ወደ መኪናው ሄደ። የመጨረሻው ነገር ይህ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ድንጋዩ ከሥር እንዳለ ነው፤ አሮጌው ተመንም ገና አልተሻረም። ቢሆንም መምህሩ ቀሪዎቹን አሥራ አንድ ስሞች አንድም ሳይዘሉ አነበቡ። ከዚያም በዚያ በታወቀ ቀጥ ያለ ጽሕፈታቸው ውሳኔውን መጻፍ ጀመሩ። ሁዜይፋ በትከሻቸው ላይ አጎንብሶ አነበበ፦ “ከባለሙያው የቀረበው መረጃ በቂ ሆኖ ባለመገኘቱ…”

“ጋሼ፣ እንዲህ አይደለም የሆነው።”

መምህሩ ብዕራቸውን አነሡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። “ይህ መዝገብ ከቢሮህ ይደርሳል። እውነቱ ቢጻፍበት ለሥራህ ደግ አይሆንም፣ ልጄ።”

“ያኔ የቤት ሥራዬን ከጓደኛዬ ገልብጬ ስመጣ እንዲህ አላባበሉኝም ነበር።”

ሽማግሌው የጀመሩትን መስመር ሰረዙና መዝገቡን ከነብዕሩ አቀበሉት።

ሁዜይፋ በረጠበ ሱሪው ቀድሞ በነበረበት ቦታ መልሶ ተቀመጠ። መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ስሙን ከነማዕረጉ ጻፈ፤ ቀኑን ጻፈ፤ ከመኪና አለመውረዱን ጻፈ፤ በመጨረሻም ሐረግ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ አንድ ቃል ጨመረበት፦

“ተሳስቻለሁ።”