በሽቦ የተያዘች አውሮፕላን ድሮን ናት ወይ?

ደብዳቤው የደረሰው እኔ የምሠራበት የድሮን ምዝገባ ክፍል ነው፤ በእጅ የተጻፈ። «ወንድሜ ጡረታ የወጣ ሰዓት ሠሪ ነው። ራሱ የሠራትን ትንሽ አውሮፕላን በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይዞ፣ ሜዳ መሐል ቆሞ በዙሪያው ያበርራታል። ይቺ ድሮን ናት ወይስ አይደለችም? ከከለከላችሁት ያብድብኛል።»

አለቃዬ አንብቦ ወረወረልኝ። «ትበራለች አይደል? ሰው አልተሳፈረባትም አይደል? እንግዲያው ድሮን ናት። እንደማንኛውም ሰው ይመዝገብ፣ ይፈተን፣ ዓይኑን ይመርመር። በቃ!»

እኔ ደግሞ በቃ ሲሉኝ ይብስብኛል፤ ነገር መጎርጎር የልጅነት አመሌ ነው። በእጅ የተያዘ ነገርና እንደፈለገ የሚከንፍ ነገር እንዴት አንድ ይሆናል? ምሳዬን ትቼ ሰማንያ ሁለት ገጽ ያለውን መመሪያ ሳገላብጥ፣ ማንም የማያነበው አባሪ ውስጥ አገኘሁት። ሽቦው ከሃያ አምስት ሜትር ካልበለጠ፣ አውሮፕላኑም ለመነሣት ሲዘጋጅ ከአንድ ኪሎ በታች ከሆነ፣ ምዝገባም ፈተናም የዓይን ምርመራም የለም።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» አለኝ አለቃዬ። ሜትሬንና ሚዛኔን ይዤ ሄድኩ።

ሜዳው ከተማ ዳር ያለ የተተወ የኳስ ሜዳ ነው። ሰዓት ሠሪው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ለሰላምታ የዘረጉት እጅ ከእጄ አንድ ስንዝር አልፎ ሄደ።

«ጋሼን ፀሐዩ አጭበርብሮት ነው» አሉ እህታቸው ቶሎ ብለው።

ፀሐዩ ከሽማግሌው ጀርባ ነበር። ያኔ የደብዳቤው ነገር ገባኝ። ሴትዮዋን ያስፈራቸው ምዝገባው ሳይሆን የዓይን ምርመራው ነው። አውሮፕላኗ አንድ ኪሎ ካለፈች፣ እኚህ ሰው የሽቦዎቿን እጀታ ዳግመኛ አይጨብጡም።

እኔም ፈራሁ። የማያይ ሰው አውሮፕላን ሲያበርር ዝም ብዬ ልፈርም ነው? ሽቦውን ዘርግቼ ለካሁት፤ አሥራ ስምንት ሜትር። ከመሐል እስከ ሜዳው ጠርዝ በየአቅጣጫው አርባ እርምጃ። የምትዞርበት ክብ በኖራ ተሠምሯል፤ ሰው እንዳይገባ የሚጠብቁት እህትየው ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

«ሽቦው ቢበጠስስ?»

«ከማስነሣታችን በፊት ሽቦው መቻሉን ለማየት ሁልጊዜ እንጓተታለን» አሉ እህትየው። «እኔ አውሮፕላኗን ይዤ፣ ጋሼ እጀታውን ይዞ። እስካሁን የተበጠሰው የኔ ወገብ ብቻ ነው።»

ሳቅኩ። መመሪያው የሚፈራው አምልጦ የሚሄደውን ነው፤ ይቺ ወዴት ታመልጣለች? ልቤ ትንሽ ረጋ።

«ክብደቷስ?»

«ዘጠኝ መቶ ስልሳ ግራም!» አሉ ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው።

ሚዛኑም ያንኑ አለ። ደስ ሊለኝ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ነዳጅ አላት?»

«ከነነዳጁ የሚመዝን ማን አለ?» ተቆጡ። «አርባ ዓመት ሙሉ ባዶዋን ነው የምንመዝነው። ሠሪ የሚኮራው በባዶዋ ነው!»

«መመሪያው ግን ለመነሣት ስትዘጋጅ ነው የሚለው፣ አባባ።»

እህትየው ነዳጁን በሲሪንጅ ሞሉት። እንደገና መዘንናት።

«ስንት አለ?» አሉ ሽማግሌው። አንድ ሺህ ሃያ መሆኑን እኔው ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠወለገ።

ከዚያ ወደ እህታቸው ዞረው «ግማሹን መልሰሽ ሳቢው» አሉ። «አምስት ደቂቃ ትበር ነበር፤ ሁለት ተኩል ትብረር። ከምንም ይሻላል።»

ዘጠኝ መቶ ዘጠና። ጻፍኩ።

ተጓተቱ፤ ሽቦው ቻለ። ሞተሩ ጮኸ፤ እህትየው ለቀቋት። ሽማግሌው ሰማዩን አይፈልጉም፤ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው፣ የሽቦውን ጉተታ በእጃቸው እያዳመጡ አብረዋት ይዞራሉ። ወጣች፣ ተገለበጠች፣ በጀርባዋ ከመሬት አንድ ሜትር ብቻ ከፍ ብላ ሁለቴ ዞረች፣ ቀና አለች። ነዳጁ ሲያልቅ ተንሸራታ ኖራው አጠገብ አረፈች። «ጉድ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ዓይን ያለኝ እኔ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም፤ ቀናሁባቸው።

ሽማግሌው በድምፄ ተመርተው መጡ። «የኔ ልጅ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስትገለበጥ ሆዷ እንዴት ነው? ካየኋት ሁለት ዓመቴ።»

እህትየው ፊሽካቸውን ጨብጠው ደርቀው ቀሩ። ለተቆጣጣሪ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ስለ ዓይን የሚጠይቅ መስመር የለውም። ፈረምኩ።

«ያምራል፣ አባባ» አልኳቸው። «ቀይ ነው።»

«ቀይ?» ወደ እህታቸው ዞሩ። «አንቺ፣ ሰማያዊ ቀባሁት አላልሽኝም?»

«ከሩቅ እንድለያት ብዬ ነው፣ ጋሼ» አሉ እህትየው። «ከሁለታችን አንዳችን ማየት አለብንና።»